እማ ተኝታለች

ጥቅምት 8

ለኩርፊቷ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እማስ እንደምን አለች። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።

«ምን ፈልገሽ ነው የጻፍሽው?» ብለሽ በአንድ መስመር ስለመለስሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ መስመርም መስመር ነው። ከአባ ቀብር በኋላ «ዳግመኛ እንዳትደውዪልኝ» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ቃልሽን አክብሬ አልደወልኩም፤ ደብዳቤ ግን አልከለከልሽኝም። በቀብሩ ማግስት በመድረሴ ዛሬም ይቅር በዪኝ እላለሁ። ተረኛ ነበርኩ፤ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ልጅ ትቼ መውጣት አልችልም ነበር። ይሄን ስልሽ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» ነው ያልሽኝ። እሺ፣ ይሁን፣ ጅራፍ ነኝ።

አሁን የምፈልገውን ልንገርሽ። የምሠራው ኤምአርአይ ክፍል ነው። ትልቅ ነጭ ቀለበት የመሰለ ማሽን ነው፤ ሰው መሃሉ ይገባና የሰውነቱን ውስጥ ፎቶ ያነሳዋል። አዋቂ «አትነቃነቅ» ሲሉት ይሰማል። ልጅ ግን የት ይሰማል! ማሽኑ ደግሞ ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ ሰው ነው የሚጮኸው። ስለዚህ መድኃኒት ሰጥተን እናስተኛቸዋለን። ከሌሊት ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ ርቧቸው እያለቀሱ ይመጣሉ። ፎቶው መሃል ከነቁ ሌላ መርፌ ይጨመራል። በተጨመረ ቁጥር ትንፋሻቸው ይደክማል። እኔ እላያቸው ላይ ቆሜ የደረታቸውን ከፍ ዝቅ ማለት ስቆጥር እውላለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ልጇ ጆሮ ስር ስታንጎራጉር ልጁ በግማሽ መድኃኒት እልም አለ። ከዚያ ወዲህ በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ አሰማቸዋለሁ። ወፍ ሞከርኩ፤ «ወፏ የታለች?» እያሉ ቁጭ ይሉብኛል። ወራጅ ውኃ ሞከርኩ፤ አልጋውን አበሰበሱት። የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ እኛ «መዶሻው» የምንለው፣ «ክፍሉን ጭፈራ ቤት አደረግሽው» እያለ ያሾፍብኛል። ቢሆንም እስከ ጥር መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል። እስከዚያ የሚጨመረው መርፌ ካልቀነሰ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

እማ እኛን ስታስተኛ የምታንጎራጉረው ቃል የሌለው ዜማ ትዝ ይልሻል? በእሱ ያልተኛ ልጅ የለም፤ አንቺን እንኳ ከነኩርፊያሽ ያስተኛሽ ነበር። እሱን ቅጂልኝ። አሥር ደቂቃ ይበቃኛል። አታቋርጫት፣ አንቺም መሃል አትግቢ፣ የስፌት መኪናሽንም አቁሚው። በሞቴ።

እማን ሳሚልኝ።

ችኩሏ እህትሽ


ኅዳር 2
(ተጽፎ ያልተላከ)

እታለም፣

እማ ሆስፒታል ከገባች ሃያ ቀኗ ነው። ሳንባዋ ነው። ሐኪሙ «አይድንም፤ ግን ትንሽ ጊዜ እናገኝላት ይሆናል» አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ልጽፍልሽ ስል እጄን ይዛ «ማዪልኝ» አለች። «ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ፤ የሰው ልጅ በእጇ ነው። ከጠየቀችሽ ንገሪያት፣ እንዳትዋሺያት። ካልጠየቀችሽ ሆድ ይፍጀው።» ማልኩላት። እሷ እንደምትጠይቂ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። «የኔ ችኩል ደብዳቤው እንኳ እስኪደርስ አትጠብቅም፤ ትጠይቃለች» ትለኛለች።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ስጨርስ «ጠየቀች?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። ይኸው መሐላዬን ላፈርስ ተቀምጫለሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ግን ዓይኗን ገልጣ እጄን እያየች ነው። ምን እንደምጽፍ ታውቃለች። አልልከውም።


ኅዳር 4

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጽሑፌ ስለተበላሸ ይቅርታ፤ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው። የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው፤ አንገትጌውን በእጅ ነው የምይዘው። ስለ መኪናዋ አታስቢ፣ ከነካኋት ቆይቻለሁ፤ አትረብሽሽም።

ዜማውን አልረሳሁትም። እማ ተኝታለች። አቅም ስታገኝ እቀዳልሻለሁ።

ሌላ የምትጠይቂኝ ነገር ካለ ጠይቂኝ። የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልሳለሁ።

እህትሽ


ኅዳር 22

ለኩርፊቷ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እማስ እንደምን አለች። እኔ ደህና ነኝ።

«ጠይቂኝ» ስላልሽኝ ልጠይቅሽ፦ ያ ስልክሽ ድምፅ ጥርት አድርጎ ይቀዳል? የድሮው ከሆነ ከሰው ተዋሺ፤ ሽሽ የሚል ድምፅ ካለው አይሆነኝም።

እማ በቀን መተኛት ጀመረች ማለት ነው! ብቻዬን ሳቅኩ። «በጠራራ ፀሐይ የሚጋደም በሽተኛና ድመት ብቻ ነው» እያለች ብርድ ልብሱን ስትገፍፍብን የኖረች ሴትዮ! እሰይ፣ ትረፍ። አቅም ስታገኝ ማለትሽም ገብቶኛል፤ እርጅና ነው፣ ለማን ይቀራል። እኔ ጋማ «ተኛ?» «ተኛች» ሲባል ነው የሚዋለው። ቤት ስገባ ድስቱን ከድኜ «ተኛ?» ልለው ምንም አልቀረኝ።

አሁን ሳቁን ልተወው። አምስት ዓመቷ የሆነች ልጅ አለችን። ጭንቅላቷ ውስጥ የበቀለውን ነገር ለማየት በየአምስት ሳምንቱ ትመጣለች። ሁሉን ነገር «ለምን?» ስለምትል እኛም ስሟን ትተን «ለምን» ነው የምንላት። «ጓንትሽ ለምን ሰማያዊ ሆነ? መርፌው ለምን አፍንጫ የለውም?» እናቷ ታፍራለች፣ እኛ እንስቃለን። መድኃኒቱ ግን አይበቃትም። ትናንት ሦስት ጊዜ ጨመርንላት፤ ሦስተኛው ላይ ትንፋሿ ቆመ። ጭንብሉን ፊቷ ላይ ይዤ አየር ነፋሁላት። ተመለሰች፣ ተመስገን። ከነቃች በኋላ «ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ።

የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ታኅሣሥ 26 ነው። ከዚያ በፊት ይድረስልኝ፣ አፈር ስሆን። እማን ቀስቅሻትም ቢሆን ቅጂልኝ።

ችኩሏ


ታኅሣሥ 6

ለእህቴ፣

ሜሞሪ ካርዷን በቁራጭ ጨርቅ ሰፍቼ ልኬልሻለሁ። በጥርስሽ አትቅደጂው፣ በመቀስ ፍቺው።

አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስልኬ ጥርት አድርጎ ይቀዳል። ስለ ልጅቷ ሳነብላት እማ ራሷ «አምጪው ስልኩን፣ ትራሴንም ከፍ አድርጊልኝ» አለች። እንዳልሽው አላቋረጥኳትም፤ ላቋርጣት ግን ብዙ ጊዜ ፈልጌ ነበር። ከኋላ የሚሰማው ድምፅ የማይጠፋ ሆኖ ነው። ያለችው ይቺ አንድ ካርድ ናት፤ ሌላ ቅጂ የለኝም።

አንጎራጉራ ስትጨርስ ደክሟት ተኛች። አሁንም ተኝታለች።

ሌላ የምትጠይቂኝ ካለ ጠይቂኝ። ቶሎ ጠይቂኝ።

እህትሽ


ጥር 1

ለእህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እማስ እንደምን አለች። እኔ ከደህናም በላይ ነኝ!

«ለምን» በአንድ መርፌ ተኛች! በአንድ! ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ማሽኑ ሲቀጠቅጥ ጣቷን እንኳ አላነቃነቀችም። መዶሻው መነጽሩን አውልቆ «በይ ለሌሎቹም ድገሚው» አለ። ከዚያ ወዲህ ለዘጠኝ ልጆች አሰማሁት፤ ሌላ መርፌ ያስፈለገው አንዱ ብቻ ነው። ማንም ባለሙያ ያልቻለውን እማ ቻለችው፣ ንገሪያት።

ዝናቡን ደግሞ በበጋ ከየት አመጣሽው? አሸንዳው ወደ በርሜሉ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ልክ የልጅነታችን ጓሮ ነው። እማን በረንዳ ላይ አስቀምጠሽ እንደቀዳሻት ገብቶኛል። ከዜማው እኩል የሚያስተኛቸው እሱ ነው። «ለምን» ዓይኗ ሊከደን ሲል «ዝናቡ ለምን አያባራም? ዝናብ እኮ ያባራል» አለችኝ። «አንቺ እስክትተኚ እየጠበቀ ነው» አልኳት።

አንድ እንከን ብቻ ነበረው። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ እማ ትስላለች፣ ረጅም ሳል ነው። ልጆቹን ያስበረግጋቸዋል ብዬ ቆርጬ አወጣሁት፤ አሁን ንጹሕ ሆኗል። ሁለተኛ ስትቀጂልኝ ጉንፋኗ ሲለቃት ይሁን። ትኩስ ትኩስ ነገር ስጪያት።

ችኩሏ


ጥር 21

እህቴ፣

እማ ጥር 12 ከቀትር በፊት አረፈች። በማግስቱ ቀበርናት።

«እንዴት አልነገርሽኝም» ልትዪ ነው። ቆዪ። አንዴ እንኳ እኔ ልናገር።

ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ሆስፒታል ነበረች። «ተኝታለች» ያልኩሽ ሆስፒታል ተኝታለች ማለቴ ነው። አልዋሸሁሽም። ቃሉ ሁለት በር አለው፤ አንቺ በሚመችሽ ገባሽ። እማ አስምላኝ ነበር፤ ካልጠየቀች እንዳትነግሪያት፣ ከጠየቀች እንዳትዋሺያት ብላ። እኔም ጠይቂኝ፣ ጠይቂኝ፣ ቶሎ ጠይቂኝ እያልኩ ለመንኩሽ። አንቺ ስለ ስልኬ ጠየቅሽኝ።

«እማስ እንደምን አለች ብያለሁ» እንዳትዪኝ። ሦስቱንም ደብዳቤ ዘርግቼ አይቻቸዋለሁ። «እማስ እንደምን አለች» ትዪና አራት ነጥብ። ሦስቱም ላይ አራት ነጥብ። ለስልኬ የጥያቄ ምልክት አድርገሻል፤ ለዝናቡ አድርገሻል፤ ለእማ አላደረግሽም። ደብዳቤ መክፈቻ ነበረች፣ ሌላ ምንም አልነበረችም።

ዝናብ አይደለም። ኦክስጅን ነው። ራስጌዋ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለችው፣ ውኃ ካለባት ጠርሙስ የሚወጣ ነው። አንቺ ነርስ ነሽ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይሄን እኔ ልነግርሽ ባልተገባ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ «ዝናብ እኮ ያባራል» ብላ ነግራሽ ነበር።

ሳሏን «ቆርጬ አወጣሁት» አልሽ። ከዚያ ሳል በኋላ አፏን ጠርጌላት «ይበቃል እማ» ብዬ በእጄ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ ትንፋሿን ለቃቅማ ሁለት ደቂቃ ጨመረችልሽ። ኋላ ስጠይቃት «ልጅቷ ገና ሳትተኛ እንዴት ልተዋት» አለችኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ጥር 11 ደረሰ። አነበብኩላት። ልጅቷ በአንድ መርፌ መተኛቷን ስትሰማ ፊቷ በራ። ዝናቡ ጋ ስደርስ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባት። «ዝናብ አለችው? ተያት፣ ዝናብ ይሁንላት» አለች። ሳሉ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው «ጠየቀች?» አለችኝ። በየደብዳቤው «ገና ነው» እላት ነበር። ያን ቀን «አዎ፣ ጠየቀች» አልኳት። «ምን አለች?» «እማ እንዴት ናት? ልምጣ ወይ? አለች» አልኳት። «አላልኩሽም?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንግዲህ አንድ ውሸት አለብኝ። ላንቺ ግን አይደለም የዋሸሁት።

ሬሳዋ ገና ከክፍሉ ሳይወጣ ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን ከፍቼ ነበር። መልሼ አጠፋሁት። ተረኛ ትሆናለች፣ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ልጅ ይኖራል፣ እንደ አባ ጊዜ በማግስቱ ትደርሳለች አልኩ። ጨክኜብሻለሁ፣ አውቃለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅሽም።

እህትሽ


የካቲት 3

ኩርፊት፣

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤሽ ትናንት ወዲያ ጠዋት ደረሰኝ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳልኩ መዶሻው መጥቶ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «እናቴ» ብቻ አልኩት። «ተነሺ፣ ሂጂ» አለኝ። ወዴት ልሂድ? ሞታ፣ ተቀብራ፣ ሦስት ሳምንት ሊሆናት!

በድለሽኛል። እናት እየሞተች የምን መሐላ ነው? ደውለሽ ብትሰድቢኝ ምናለበት? ሰው በአራት ነጥብ ይቀጣል? እያልኩ ሦስት ወረቀት ሞልቼ ሦስቱንም ቀደድኳቸው። አራተኛውን ስጀምር «ጅራፍ» ያልሽኝ መጣብኝ። እውነትሽን ነው። አልጠየቅኩም። እማ የትም የማትሄድ፣ ዘለዓለም እዚያው ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝ ነበር የሚመስለኝ። አንቺ እንኳ ባትነግሪኝ ጆሮዬ ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

ያቺን ጠርሙስ በየቀኑ ውኃ የምሞላት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት በጆሮዬ ስር ስትፈላ ኖራለች። ሁልጊዜ ስላለች አልሰማትም። እናቴ ራስጌ ስትሆን ግን ዝናብ ሆነችልኝ። ወይ ነዶ!

የዚያኑ ዕለት የ«ለምን» ቀጠሮ ነበር። ሌላ ነርስ ሊተካኝ ቢገባም «የዝናቧ ሴትዮ ትምጣ» ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግላት እጄን ያዘችኝ።

«የሚያንጎራጉረው ማነው?»

«እናቴ ናት።»

«ለምን እሷ ራሷ አትመጣም?»

«ተኝታለች።»

«ለምን?»

መድኃኒቱ ቀደመኝና ሳልመልስላት ተኛች። ሃምሳ ደቂቃ ደረቷን እየቆጠርኩ ቆምኩ። በአንድ መርፌ ጨረሰች። መዶሻውም እንዲቀጥል ፈቀደ፤ የፈለግኩትን አግኝቻለሁ ማለት ነው። አፌ ውስጥ ሬት ሬት ይለኛል።

እማን የት ቀበራችኋት? ልምጣ ወይስ አትፈልጊኝም? አንቺስ እንደምን አለሽ? ምልክቶቹን እዪልኝ፤ ሦስቱም ጥያቄ ናቸው።

እህትሽ


የካቲት 17

እታለም፣

አየኋቸው። ልመልስልሽ።

እማ ያለችው አባ ጎን ነው። አልጠራሽም፣ አልከለክልሽምም፤ ቁልፉ የድሮው ቦታው ነው።

እኔ እንደምን እንዳለሁ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና አይደለሁም። የስፌት መኪናዋን ክዳኗን ከፈትኩ። ስሠራ ደህና ነኝ፤ ሳቆም ቤቱ ጭጭ ይልብኛል። ሦስት ወር ሙሉ ያቺ ጠርሙስ ስትንቦጫቦጭ እጠላት ነበር፤ አሁን እሷ ከሌለች እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያንቺ ልጆች ተኝተዋል፣ አሁን ተራው የኔ ነው።

ካርዷን መልሺልኝ። ንጹሑን ለልጆቹ አስቀሪላቸው። ለኔ ያልተቆረጠውን፣ ከነሳሉ ያለውን።

ኩርፊት


የካቲት 29

ኩርፊትዬ፣

ካርዷን በፖስታ አልልክም፤ ራሴ ይዣት እመጣለሁ። ቅዳሜ እሳፈራለሁ።

በሩ ላይ ከመቆሜ በፊት ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ሳሉ የለም። ቸኩዬ ነበር፤ ቅጂ ሳላስቀር ካርዷ ላይ ያለውን ራሱን ነው የቆረጥኩት። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ሠራተኛ ጋ ሄጄ ለመንኩት፣ ሌላም ባለሙያ ጋ ወሰድኩት፤ ሁለቱም «የለም» አሉኝ። አንቺ አጠገቧ ስለነበርሽ ሳሉን ታስታውሺዋለሽ። እኔ አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት፣ እሱንም እየተነጫነጭኩ።

ትናንት ማታ ደጋግሜ አዳመጥኩት። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ እማ ታቆምና ወዲያው ትቀጥላለች፤ ምንም ያልሆነች ትመስላለች።

እህትሽ